ባለጋራ ያነገሣቸው ጀግኖች

«አክተር አይሞትም» ይባላል በኛ አገር። ይህን አባባል የማያውቅ የቪዲዮ ቤት ልጅ የለም። ፊልሙ ገና ሲጀመር ማን እንደሚያሸንፍ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም አክተሩ ሲመታ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሲወድቅ አንዳንዱ ዓይኑን ይሸፍናል፤ ሲነሣ ደግሞ ጩኸቱ ቆርቆሮውን ያነቃንቃል። ሰው ማለቂያውን እያወቀ ለምን ይሰጋል? የጎረምሳነት ዕድሜዬን ደሴ ሸዋበር አካባቢ በአንድ ቪዲዮ ቤት ካሴት እያጠነጠንኩ ስላሳለፍኩ ጥያቄው ከእኔ ጋር አድጓል። ኋላ የፊልም ጽሑፍ ማንበብና ማረም እንጀራዬ ሲሆን፣ መልሱን ፍለጋ እነዚያ «የካራቴ ፊልም» የምንላቸው ሥራዎች የተወለዱበትን የሆንግ ኮንግን ታሪክ መመርመር ያዝኩ። የደረስኩበት ነገር አጭር ነው፤ አክተሩ እንደማይሞት ብናውቅም ምን ከፍሎ እንደሚተርፍ አናውቅም። ዋጋውን የሚተምነው ባለጋራው ነው። ስለዚህ የእነዚህ ፊልሞች ታሪክ በሚገባ ከተነገረ፣ ጀግኖቹን ያነገሡ የባለጋሮች ታሪክ ነው።

ያ ቪዲዮ ቤት ከመንገዱ ገባ ያለ ጭቃ ቤት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ አግዳሚዎቹ በጣውላ የተመቱ ናቸው፤ ደጃፉ ላይ በቆመው ሰሌዳ የዕለቱ ፊልሞች በጠመኔ ይጻፋሉ። የእኔ ሥራ ሒሳብ መቀበል፣ ዴኩን ማጽዳትና ካሴቱን ማጠንጠን ነበር። ካሴት የሚያጠነጥን ሰው ተመልካቹ ልብ የማይለውን አንድ ነገር ያያል፤ ክሩ ሁሉም ቦታ እኩል አያረጅም። ሰዉ «መልሰው! መልሰው!» እያለ የሚያስደግመው ቦታ ቶሎ ይላላና ስክሪኑ ላይ ነጫጭ መስመር ያወጣል። መስመሩ የሚበዛው ታዲያ ቦሱ የሚሞትበት ቦታ ላይ አልነበረም። አክተሩ ተደብድቦ ከተዘረረበት አንሥቶ፣ ቁስሉን አስሮ የመጀመሪያውን ልምምድ እስከሚጀምርበት ድረስ ባለው መካከል ነበር። ተመልካቹ በሳንቲሙ የሚገዛው ያችን ቦታ ነበር።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። ቻይናውያን በ1928 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ ላይ «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ ቃጠሎ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ሠርተው ከፍተኛ ተወዳጅነት በማግኘቱ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታታይ ክፍሎች ወጡለት። መንግሥት እንዲህ ያሉትን ተአምረኛ የጎራዴ ፊልሞች በ1931 ከለከለ። ከዚያም ጦርነቱና የፖለቲካው ትርምስ ብዙ የፊልም ሰዎችን ወደ ሆንግ ኮንግ አሻገራቸው። በዚያች በእንግሊዝ ትተዳደር በነበረች የወደብ ከተማ በ1949 አንድ ፊልም ታየ፤ በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ስለኖረው የኩንግ ፉ መምህርና ወጌሻ ስለ ዎንግ ፌይ ሁንግ የተሠራ ነበር። ዎንግ ፌይ ሁንግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደ እውነተኛ ሰው ነው። እሱን ሆኖ የተጫወተው ክዋን ታክ ሂንግ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነበር፤ ይህንኑ ሰው ሆኖ ከ70 በላይ ፊልሞች ላይ ሠርቷል። በ1956 ብቻ ከ20 በላይ የዎንግ ፌይ ሁንግ ፊልሞች ወጥተዋል።

ይህን ያህል ፊልም ላይ የሚያሸንፍ ሰው በየጊዜው የሚያሸንፈው ሰው ያስፈልገዋል። የሆንግ ኮንግ ሰዎች መልሱን ያገኙት ሺ ኪየን በተባለ ተዋናይ ነው። ሺ ኪየን በ1913 ተወለደ። ፊልም ከመግባቱ በፊት ሻንጋይ ላይ በተቋቋመው በታዋቂው የጂንግ ዉ ስፖርት ማኅበር ለዓመታት ሠልጥኖ የአሠልጣኝነት ማረጋገጫ ያገኘ፣ የእጁ ሥራ እውነተኛ የሆነ ሰው ነበር። በአብዛኞቹ የዎንግ ፌይ ሁንግ ፊልሞች ላይ ባለጋራው እሱ ነው። ዛሬ ሽፍታ ይሆናል፤ ነገ ተቀናቃኝ መምህር፤ ከነገ ወዲያ ሕዝብ የሚያስለቅስ ባለሀብት። በየፊልሙ ይሸነፋል፤ በሚቀጥለው ተመልሶ ይመጣል። የከተማው ሰው «ክፉው ኪየን» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ሳቁም የክፉ ሰው ሳቅ ምሳሌ ሆነ።

እኔ እነዚህን አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ሳይ ልቤ የሚያዝነው ለሺ ኪየን ነው። ክዋን ታክ ሂንግ የተከበረ መምህር ስለሆነ ብዙም አይደነግጥም፤ ረጋ ብሎ ይቆማል፤ ባለጋራውንም ብዙ ጊዜ መክሮ ይለቀዋል። ላቡን የሚያፈስ፣ የሚዘል፣ የሚንከባለል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚወድቅ ሺ ኪየን ነው። የመምህሩ ክንድ ከባድ መሆኑን ተመልካች የሚያውቀው ከሺ ኪየን አወዳደቅ ነው። ደካማ ሰው ቢወድቅ ኖሮ የመምህሩ ክብር ከፊልም ወደ ፊልም እየሳሳ ይሄድ ነበር። ክብሩ ይህን ሁሉ ዓመት የቆየው ተሸናፊው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ስለነበር ነው።

ሆኖም የማይደፈር ጀግና የሚወደድበት ዘመን ረጅም አልነበረም። የተዋጊው ሰውነት ላይ ጉዳት በግልጽ መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1967 ሾው ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ ስቱዲዮ በዳይሬክተር ቻንግ ቼህ አማካይነት «ባለ አንድ ክንዱ ጎራዴኛ»ን አወጣ። ጂሚ ዋንግ ዩ የሚጫወተው ፋንግ ካንግ ጌታውን ለማዳን ሲል የሞተ አሽከር ልጅ ነው። ጌታው ለውለታ ሲል በጎራዴ ትምህርት ቤቱ አሳደገው። አብረውት የሚማሩት የባለጸጋ ልጆች ግን ይንቁታል፤ የመምህሩ ልጅም በንዴት ቀኝ ክንዱን በሰይፍ ትቆርጠዋለች። ደሙ እየፈሰሰ ከድልድይ ወድቆ ሊሞት ሲል አንዲት የገጠር ልጅ ታተርፈዋለች።

የዚህን ፊልም ጽሑፍ ወጣት ደራሲዎች ቢያጠኑት እመኛለሁ፤ ባለጋራው የተሠራበት ጥበብ አስደናቂ ነውና። «ረጅም ክንዱ ሰይጣን» የተባለው ክፉ ሰው የፋንግ ካንግን መምህር ይጠላል። ስለጠላውም ቁጭ ብሎ አጥንቶታል። የትምህርት ቤቱን የጎራዴ አጣጣል አንድ በአንድ አውቆ፣ ያንን ረጅም ጎራዴ ቆልፎ የሚይዝ መቆንጠጫ ያለው መሣሪያ አሠርቷል። የመምህሩ ደቀ መዛሙርት ጎራዴያቸው በዚያ መቆንጠጫ ሲያዝ፣ የባለጋራው ሌላ እጅ አጭር ስለት ይሰካባቸዋል። እየተከታተሉ ያልቃሉ። ትምህርታቸውን በሚገባ የተማሩት ሁሉ የሞቱት በሚገባ በመማራቸው ነው።

ፋንግ ካንግ ግን ቀኝ እጅ የለውም። የተማረው ግማሹ ከተቃጠለ መጽሐፍ ነው፤ የያዘው ከአባቱ የተረፈውን ስባሪ ጎራዴ ነው፤ የሚመታው በግራው ነው። መቆንጠጫው ለረጅም ጎራዴና ለቀኝ እጅ ስለተሠራ እሱን መያዝ አቃተው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መቆረጡ ሐዘን እንዲጨምር ብቻ የገባ ክፍል አይደለም። ያቺ የተቆረጠች ክንድ ባትኖር ኖሮ ጀግናው እንደ ጓደኞቹ ይሞት ነበር። ያጣው ነገር መዳኛው ሆነ። ይህ የሚሆነው ደግሞ ባለጋራው ብልህ ስለሆነ ነው፤ ጅል ቢሆን ኖሮ ሁለት ክንድ ያለው ማንም ተማሪ ይገድለው ነበር። ፊልሙ በሆንግ ኮንግ ከ1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ በማስገባት አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ከዚያ በኋላ የቆሰለ ጀግና የዘውጉ ምልክት ሆነ።

በ1972 በኮሪያዊው ዳይሬክተር ጆንግ ቻንግ ህዋ የተሠራው «ኪንግ ቦክሰር» ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የዋና ገጸ ባሕርዩን እጆች ተቀናቃኞቹ ይሰባብሩበታል፤ በተሰበሩት እጆቹ እንደገና መማር ይኖርበታል። ፊልሙ በ1973 አሜሪካ ገብቶ የኩንግ ፉ ፍቅርን ካቀጣጠሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ዋናውን ሚና የተጫወተው ሎ ሊዬህ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም በአብዛኛው ክፉውን ሆኖ የምናውቀው ሰው ነው። መምታትንም መመታትንም ለዓመታት ስለኖረበት፣ እጁ ሲሰበር የሚያሳየው ፊት የሚታመን ፊት ነው።

አሁን ወደ ብሩስ ሊ እንምጣ። በአገራችን ስሙ ያልገባበት ከተማ የለም፤ ፎቶው በየፀጉር ቤቱና በየስፖርት ቤቱ ግድግዳ ተለጥፎ ኖሯል። ሰው ሁሉ ፍጥነቱን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው ለመመታት ያለውን ፈቃደኝነት ነው። በ1971 ታይላንድ ውስጥ በተቀረጸው «ዘ ቢግ ቦስ» ላይ ለእናቱ እንዳይደባደብ ቃል የገባ ስደተኛ ወዛደር ነው፤ ቃሉን እንዲያስታውስ አንገቱ ላይ የድንጋይ ጌጥ አስሯል። ዘመዶቹ ሲደበደቡ፣ ሲጠፉ፣ ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ እሱ እጁን አይሰነዝርም። ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ ይህ ጊዜ ከድብድቡ ይልቅ ያስጨንቅ ነበር። ጌጡ የተበጠሰ ጊዜ የሚነሣው ጩኸት ትዝ ይለኛል። የዚያ ፊልም ቦስ ሃን ዪንግ ቺዬህ ነው፤ የፊልሙን ድብድብ ያቀናበረውም እሱ ራሱ ነበር። ባለጋራው መምህርም ነበር ማለት ነው።

በ1972 የወጣው «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» ደግሞ አክተር አይሞትም የሚለውን ሕግ ሰበረው። ብሩስ ሊ የሚጫወተው ቼን ዠን የመምህሩን ገዳዮች ከተበቀለ በኋላ ትምህርት ቤቱን ለማትረፍ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል፤ በሩ ላይ ወደተደገነው መሣሪያ ሲዘል ምስሉ አየር ላይ ይቆማል፤ የጥይቱ ድምፅ ይሰማል፤ ፊልሙ ያልቃል። ሸዋበር ላይ ይህ ትልቅ ክርክር ነበር። «አልሞተም፣ ክፍል ሁለት አለው» የሚሉ ነበሩ፤ «ሞቷል» የሚሉትን በጭራሽ አይሰሙም። ካሴቱ ሲያልቅ ወጥተው ደጅ ላይ ቆመው ይከራከራሉ። ያን ያህል የተከራከሩለት ሌላ አክተር አላስታውስም።

ከሁሉም ግን በዚያው ዓመት ብሩስ ሊ ራሱ ጽፎ ራሱ ያዘጋጀው «ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን» ለኔ ትምህርት ቤት ነው። ሮም ውስጥ የሚኖሩ ዘመዶቹን ከወሮበሎች ሊያድን የመጣው ታንግ ሉንግ ፊልሙን በሙሉ ማንንም በቀላሉ ይጥላል። ያን ጊዜ ወሮበሎቹ ከአሜሪካ ኮልት የተባለ ሰው ያስመጣሉ፤ የሚጫወተው እውነተኛ የካራቴ ሻምፒዮን የነበረው ቸክ ኖሪስ ነው። ሁለቱ በጥንቱ ኮሎሲየም ውስጥ ይገናኛሉ። ዘለው አይያያዙም። መጀመሪያ ልብሳቸውን ያወልቃሉ፤ ጅማታቸውን ያፍታታሉ፤ አጥንታቸውን ያንቋቋሉ። አንዲት ትንሽ የድመት ግልገል ታያቸዋለች።

ድብድቡ ሲጀመር ብሩስ ሊ ይሸነፋል። ደጋግሞ ይወድቃል። ቸክ ኖሪስ ይረዝማል፤ ይከብዳል፤ እርግጫው ይደርሳል። ታንግ ሉንግ መሬት ላይ ሆኖ ያስባል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሌላ ሰው ይሆናል። እግሩ ላይ መንጠር ይጀምራል፤ ምቱን ይቀያይራል፤ ቆሞ መቀበሉን ይተዋል። የኮልት እርግጫ አየር መምታት ሲጀምር ፊቱ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ድካም ይታያል። ብሩስ ሊ ስለ ድብድብ ያስተማረው ትምህርት ሁሉ፣ በአንድ ስልት አትታሰር የሚለው፣ በዚያች በወደቀባት ጊዜ ውስጥ አለ። ባይወድቅ ኖሮ የሚለውጠው ነገር አይኖረውም ነበር፤ እኛም የምንማረው።

መጨረሻውም እንዲሁ ነው። የኮልት ክንድና ጉልበት ተሰብሯል። ታንግ ሉንግ ይበቃል ለማለት ራሱን ይነቀንቃል። ኮልት ግን በአንድ እግሩ ተነሥቶ ይመጣል። ከገደለው በኋላ ታንግ ሉንግ አይፎክርም፤ የባለጋራውን ልብስ አንሥቶ ሬሳውን ያለብሰዋል፤ ቀበቶውን ከላይ ያኖራል፤ ተንበርክኮ ይቆያል። ለኮልት የተሰጠው ክብር ለአሸናፊው ተመልሶ ይቆጠራል፤ ያከበርከውን ሰው ማሸነፍ የናቅኸውን ከማሸነፍ ይለያልና።

ብሩስ ሊ በሐምሌ 1973 በ32 ዓመቱ ዐረፈ። ዓለምን ያዳረሰው «ኢንተር ዘ ድራገን» በአሜሪካ ሲታይ እሱ በሕይወት አልነበረም። በዚያ ፊልም ውስጥ ባለ ብረት እጁን ክፉ ሰው ሃንን ሆኖ የቀረበው ሺ ኪየን ነው፤ ያው ከ1949 ጀምሮ በክዋን ታክ ሂንግ ሲሸነፍ የኖረው። ያን ጊዜ 60 ዓመቱ ነበር። የእንግሊዝኛ ንግግሩን ኬይ ሉክ የተባለ ሌላ ተዋናይ ቢያሰማለትም፣ አቋሙና ዓይኑ የራሱ ነው። በወጣት ጉልበት ብሩስ ሊን ሊችለው እንደማይችል ስለሚታወቅ ጸሐፊዎቹ ሌላ ኃይል ሰጡት፤ መስተዋት በሞላበት ክፍል ውስጥ አስገቡት። ብሩስ ሊ ደረቱና ሆዱ በስለት ተሸንትሮ የትኛው ሰው፣ የትኛው ምስል እንደሆነ ሳያውቅ ይንከራተታል። መምህሩ ያስተማረውን አስታውሶ መስተዋቶቹን መስበር ሲጀምር ብቻ መንገድ ያገኛል። ሽማግሌው ባለጋራ በክንዱ ሳይሆን በዘዴው ከበደ።

ከካሜራው ፊት ለፊት የማይታዩ ሌሎችም ነበሩ። ከፔኪንግ ኦፔራ ማሠልጠኛ የወጡ ልጆች በየፊልሙ በቀን ሥራ ይወድቁ ነበር። «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» ላይ ጃፓናዊው ባለጋራ በብሩስ ሊ እርግጫ ከበር ውጭ ተወርውሮ ሲወድቅ፣ በእሱ ፋንታ የወደቀው ጃኪ ቻን የተባለ ወጣት ነበር። «ኢንተር ዘ ድራገን» መክፈቻ ላይ ከብሩስ ሊ ጋር የሚገጥመው ወፍራሙ ጎልማሳም ሳሞ ሁንግ ነው። የሚቀጥለው ዘመን ጀግኖች ሥራውን የጀመሩት በመውደቅ ነው። ጃኪ ቻን ኋላ ላይ የሚያመው፣ ጣቱን የሚነፋ፣ የሚሮጥ ጀግና ሆኖ መምጣቱ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። መሬቱ ምን ያህል እንደሚጠነክር በጀርባው ያውቀዋል።

1978 የዚህ ሁሉ መከር የገባበት ዓመት ነው። ዳይሬክተር ዩን ዉ ፒንግ «ድራንክን ማስተር»ን አወጣ። ዋና ገጸ ባሕርዩ ማን ነው? ያው ዎንግ ፌይ ሁንግ! አሁን ግን የተከበረው ሽማግሌ መምህር አይደለም፤ አባቱን ያስቸገረ፣ ሥራ የሚጠላ ጎረምሳ ነው። ከጨካኙ መምህሩ ጠፍቶ ሲሄድ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ ያጋጥመዋል፤ ያ ሰው እንደ ሕፃን ይጫወትበታል፤ ያዋርደዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሸሸው ሽማግሌ ይመለሳል፤ ልምምዱን አሁን በፈቃዱ ይጀምራል። ነፍሰ ገዳዩን የተጫወተው ህዋንግ ጃንግ ሊ የቴኳንዶ ባለሙያ ኮሪያዊ ነው፤ እግሩን አየር ላይ እንዳነሣ ሳያወርድ ደጋግሞ ይማታል። እንዲህ ያለ እግር ባይኖር የልጁ መዋረድ አይታመንም ነበር፤ መዋረዱ ባይታመን መለወጡም አይታመንም። መጨረሻ ላይ ልጁ የሚቸግረው ንቆ ያልተማራት አንዲቱ ስልት ናት። እዚያው ጭንቅ ላይ ሆኖ የራሱን ስልት ይፈጥርላታል።

በዚያው ዓመት ላው ካር ሊዩንግ የሾውሊን መነኮሳትን ሥልጠና የሚያሳየውን «ዘ 36ኛ ቻምበር ኦፍ ሾውሊን» ሠራ። ይህ ዳይሬክተር ከእውነተኛው ዎንግ ፌይ ሁንግ የሚወርድ የትምህርት ሐረግ ያለው ሰው ነው፤ የዎንግ ፌይ ሁንግ ደቀ መዝሙር ላም ሳይ ዊንግ የላውን አባት አስተምሯል፤ አባቱም ልጁን። በፊልሙ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሳን ቴ ሥልጠናውን ጨርሶ ሹመት ሲጠብቅ የሥርዓት አለቃው መነኩሴ ይገጥመዋል፤ ይረታዋል። እንደገና ይገጥመዋል፤ እንደገና ይረታዋል። ሳን ቴ ከዚያ ሽንፈት በኋላ ነው ባለ ሦስት ቁራጭ ዱላውን የሚፈለስፈው። ይህ መነኩሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚያስቸግር ሰው ነው። ጀግናን የሚሠራው ክፋት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ዋናው ነገር ከፊቱ የቆመው ሰው የማይገፋ መሆኑ ነው።

በ1991 ዳይሬክተር ሱይ ሃርክ ጄት ሊን ዎንግ ፌይ ሁንግ አድርጎ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ቻይና»ን ሲያወጣ ባለጋራው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ። «የብረት ካባ» የሚሉት መምህር ዪም ከሰሜን የመጣ ድሀ ነው። ችሎታው የላቀ ነው፤ ግን ሥጋው ላይ የጦር ጫፍ የማይገባ መሆኑን በአደባባይ እያሳየ ሳንቲም ይለምናል። ትምህርት ቤት ለመክፈት፣ ስም ለማግኘት ሲል ከወንበዴዎች ጋር ይወዳጃል። በመጨረሻ የሚጥለው የዎንግ እጅ አይደለም፤ ጥይት ነው። ሲሞት ኩንግ ፉ ጠመንጃን እንደማይችል ለዎንግ ይነግረዋል። እኔ ይህን ፊልም ባየሁ ቁጥር ሁለቱም የአንድ ዘመን ተሸናፊዎች መሆናቸው ይሰማኛል። አንዱ ዳቦ አጥቶ ጠመመ፤ ሌላው የተከበረ ስለሆነ ቀና ብሎ ቆመ። ባለጋራው ጀግናው ሊሆን ይችል የነበረውን ሌላ ሰው ሲያሳየን ፊልሙ ከድብድብ አልፎ ይሄዳል።

ሆሊውድም ይህንኑ በራሱ መንገድ ደርሶበታል። በ1988 የወጣው «ዳይ ሃርድ» ላይ ጀግናው ጫማውን እንዳወለቀ ሕንፃው በታጣቂዎች ይያዛል። በአለን ሪክማን የመጀመሪያ የፊልም ሚና የቀረበው አለቃቸው ሃንስ ግሩበር ሰውዬው ባዶ እግሩን መሆኑን ያስተውልና ጓደኛው መስተዋቱን እንዲመታ ያዛል። ጀግናው ስባሪው ላይ እየረገጠ ይሸሻል፤ ከዚያ እግሩን እያጠበ፣ ስባሪውን ከሥጋው እየነቀለ ለሚስቱ እንዲነገርለት የሚናዘዝበት ቦታ ይመጣል። ያን ኑዛዜ የወለደው የባለጋራው አስተዋይ ዓይን ነው። በ1999 «ዘ ማትሪክስ» ሲሠራ ደግሞ ተዋንያኑን ለወራት ያሠለጠነው «ድራንክን ማስተር»ን የሠራው ያው ዩን ዉ ፒንግ ነበር። የፊልሙ ጀግና ኒዮ ሲደበደብ፣ ሲገደል፣ ሲነሣ የምናየው ያንኑ የቆየ ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት ግን ሲረሳም ይታያል። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2019 ባወጣው ዘገባ የ«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ዋና ተዋንያን ደካማ ሆነው እንዳይታዩ የሚቀበሉት ቡጢ ሳይቀር ድርድር ውስጥ እንደሚገባ ገልጾ ነበር። ቡጢው እኩል እኩል ተከፍሎ ማንም የማይወድቅበት ድብድብ ገንዘብ ሊያስገባ ይችላል። «መልሰው!» የሚያሰኝ ግን አይደለም።

የኛ አባቶች ይህን ጉዳይ ከፊልም በፊት ያውቁታል። በፉከራ የሚቆጠረው የወደቀው ጠላት ብርታት ነው፤ አንበሳ ገዳይ ይፎክራል፤ ዶሮ አርዶ የፎከረ የለም። ጠላትን ማሳነስ ራስን ማሳነስ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ታዲያ ጠረጴዛዬ ድረስ የሚመጡ የአማርኛ አክሽን ጽሑፎች ላይ ባለጋራው ለምን ይህን ያህል ይራቆታል? መነጽር ያደርጋል፤ ሲጋራ ያጨሳል፤ ይጮኻል፤ ጠባቂዎቹ አንድ በአንድ ተራቸውን እየጠበቁ ይመታሉ። ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም። ስለ ጀግናው ምንም አላጠናም። ጀግናውም አንድ ጭረት ሳይነካው የመጨረሻው ገጽ ላይ ይደርሳል። ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል።

ለወጣት ደራሲዎቻችንና አዘጋጆቻችን የምለው ይህ ነው። ጽሑፉን ስትጀምሩ ከጀግናው በፊት ባለጋራውን ጻፉት። ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደሚፈልገው፣ የጀግናውን የትኛውን ድክመት እንዳወቀ ሳትጨርሱ አንድ ቡጢ እንዳትጽፉ። ጀግናውን ስትጥሉት በእውነት ጣሉት፤ ሲነሣ የሚጠቅመውን ነገር ከወደቀበት ቦታ እንዲያነሣው አድርጉ። ለባለጋራነት ከሰፈሩ ወፍራም የሆነውን ሳይሆን ሙያውን የሚያውቀውን ተዋናይ ምረጡ፤ በሚገባ ክፈሉት፤ ስሙንም ፖስተሩ ላይ ከጀግናው ጎን ጻፉለት። ሺ ኪየን በ2009 በ96 ዓመቱ ሲያርፍ ሆንግ ኮንግ እንደ ታላቅ ባለሙያ ነው የሸኘችው። የኛዎቹንም በሕይወት ሳሉ እናክብራቸው፤ ጀግኖቻችን በእነሱ ትከሻ ላይ ነው የሚቆሙት።